ብረት ወደ ምግባችን እንዴት ይገባል? ለሰውነታችንስ ምን ይጠቅማል?

ብረት ሲባል ማረሻና ማጭድ ብቻ የሚታሰበው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ብረት በደማችንም ውስጥ አለ። በአንድ ሰው ሰውነት ያለው ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው፤ አንዲት ሚስማር ማለት ነው። በዚህ ጥቂት ብረት ደም ከሳንባ ኦክሲጅን ተሸክሞ ለጡንቻና ለአንጎል ያደርሳል።

ብረት ሲጎድል ደም ማነስ ይመጣል። ውሀ ቀድታ ዐቀበት የምትወጣ ሴት ልቧ ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ የዓይኗ ቆብ ከውስጥ ገለጥ ቢደረግ ነጥቶ ይታያል። «ድካም ነው፤ ያልፋል» ይባላል። እንዲሁ አያልፍም። የሚከፋውም በወሊድ ጊዜ ነው፤ ሌላዋ ወላድ የምትችለው የደም መፍሰስ ደሟ ያነሰውን ለሞት ያደርሳታል።

ታዲያ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጤፍ እየተበላ ደም ስለምን ያንሳል? ጥያቄው ትክክል ነው። ጤፍ የራሱ ብረት አለው። በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ደግሞ አፈር ይጣበቅበታል፤ አፈሩም ብረት አለበት። ጤፍ ታጥቦ ሲመረመር የብረቱ ልክ በጣም የሚወርደው ስለዚህ ነው። ከአፈር የመጣውን ብረት ግን አንጀታችን እምብዛም አይቀበለውም፤ አብዛኛው እንደ ገባ ይወጣል። እርጉዝ ሴት አምሯት አፈር ብትልስም ደም አይሆናትም፤ እንዲያውም የወስፋት እንቁላል ይዞባት ሊገባ ይችላል።

የእህሉ የራሱ ብረት ቢሆን ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ የተያዘ ነው። ሊጡ ከእርሾ ጋር 2 ወይም 3 ቀን ሲቦካ ማሰሪያው ይላላል። እንግዲህ ለችኮላ ከሚጋገር ቂጣ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል፤ ይህን እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ሲሠሩበት ኖረዋል። ለምስሩና ለጎመኑ ሎሚ ጭመቁበት፤ ቃሪያም ጨምሩ፤ በጉና ግርጌ የሚበቅለው ድንችም ይረዳል። እነዚህ ሁሉ ቪታሚን ሲ ስላላቸው ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዙታል። በፍስክ ቀን ከተገኘ ሥጋና ጉበት ከሁሉ ይበልጣሉ።

ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይይዙታል። ቡና ተዉ አንልም፤ ብንልስ ማን ይሰማናል? ብቻ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ለሕፃናት ግን ሻይ አትስጡ።

ድስትም ብረት ይሰጣል። በ1991 ዓ.ም. የታተመ በትግራይ የተደረገ ጥናት፣ ምግባቸው በብረት ድስት የበሰለላቸው ልጆች በአሉሚኒየም ድስት ከበሰለላቸው ይልቅ ደማቸው እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። ልብ በሉ! በገበያ «ብረት ድስት» እየተባለ የሚሸጠው ነጩና ቀላሉ አሉሚኒየም ነው እኮ። እውነተኛው ብረት ጥቁርና ከባድ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ሲያድርም ይዝጋል።

በቆላው በኩል ሌላ ሌባ አለ፤ የመንጠቆ ትል። በባዶ እግር ገብቶ በአንጀት ውስጥ ደም ይመጣል። ጫማና መጸዳጃ ቤት ይከለክሉታል።

እርጉዝ እናት ይህን ሁሉ ብታደርግም ምግቡ ብቻ ላይበቃት ስለሚችል ከጤና ኬላ የሚሰጣትን የብረት ኪኒን በየቀኑ በውሀ ትዋጥ፤ በቡና ወይም በሻይ አይሁን። ዓይነ ምድሯ ቢጠቁር አትደንግጥ፤ ከኪኒኑ የተነሣ ነው። ኪኒኑን ግን ልጆች ከማይደርሱበት ታስቀምጥ፤ ቀለሙ ከረሜላ ይመስላቸዋል፤ ሕፃን ብዙ ከዋጠ ሊሞት ይችላል።