የታመመ ሃርድ ዲስክና በውስጡ ያለው ጽሕፈት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የድካሙ ፍሬ የሚገኘው በመደርደሪያ ላይ በተሰለፈ መዝገብ ብቻ አይደለም። ደብዳቤው፣ የሒሳብ መግለጫው፣ የጥናት ጽሑፉ፣ የልጆቹ ፎቶግራፍ ሳይቀር ላፕቶፕ በሚባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። የወረቀት መዝገብ ሲያረጅ ጠርዙ ይበላል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል እንጂ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። ሃርድ ዲስክ ግን ማታ ደኅና ሆኖ ተዘግቶ ጧት አልነሣም ሊል ይችላል። ስለዚህ ይህ ዕቃ ምን እንደ ሆነ፣ ሲታመም ምን ምልክት እንደሚያሳይ፣ በውስጡ ያለውን ጽሕፈት ለማዳንም ምን ማድረግና ከምን መቈጠብ እንደሚገባ በዛሬው ንግግራችን ባጭሩ ለማስረዳት አስበናል።

ሃርድ ዲስክ ማለት በታሸገ ሣጥን ውስጥ የሚሽከረከር፣ መግነጢሳዊ ምልክት በሚቀበል ስስ ሽፋን የተለበጠ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከመስተዋት የተሠራ ክብ ሰሌዳ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ባቀረበ ጊዜ፣ ዕቃው 50 ሰሌዳዎች የነበሩትና አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ሲሆን የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። የዛሬው የላፕቶፕ ዲስክ በመዳፍ የሚያዝ ሲሆን ከዚያ በመቶ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ሊይዝ ይችላል።

የሸክላ ማጫወቻን ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸግረውም። ሸክላው ይሽከረከራል፤ ክንዱም ከላዩ ሆኖ ያነባል። ልዩነቱ፣ የማጫወቻው መርፌ ሸክላውን ሲነካ የዲስኩ ማንበቢያ ግን ሰሌዳውን አለመንካቱ ነው። ሰሌዳው በደቂቃ ብዙውን ጊዜ 5,400 ዙር ሲሽከረከር፣ ማንበቢያው ከሰው ጠጕር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ በሚያንስ ክፍተት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ስለዚህ ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ማንበቢያው ሰሌዳውን ሊነካና ሊጭረው ይችላል። በተጫረው ቦታ የነበረው ጽሕፈት ይጠፋል፤ ከጭረቱ የተነሣው ብናኝም ሌላውን ቦታ ያበላሻል።

ዲስኩ መታመሙ በምን ይታወቃል? አስቀድሞ ይዘገያል። ሰሌዳው በጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ አንዱ ክፍል አልነበብ ሲል ዲስኩ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ባለቤቱም አንዲት ደብዳቤ ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ይጠብቃል። ቀጥሎ ፋይሎች ኮፒ አንደረግም ይላሉ። በመጨረሻም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚህም ሌላ ዲስኩ ስማርት በሚባል ዘዴ የገዛ ራሱን ሕመም ይመዘግባል። የተበላሹትና በምትክ የተለወጡት ክፍሎች ቍጥር እየጨመረ የሄደ እንደ ሆነ አደጋው መቅረቡን ይወቁ።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ብናገር ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። አባቴ ከማረፉ በፊት ስለ ወጣትነቱ ዘመን ሲያጫውተኝ ድምፁን አራት ጊዜ ቀርጬ በላፕቶፔ አስቀምጬ ነበር፤ ሌላ ቅጂ ግን አልነበረኝም። አንድ ቀን ማታ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። እኔም ደንግጬ እስከ እኩለ ሌሊት ሳጠፋና ሳበራ ቈየሁ፤ ይባስ ብዬም የጥገና ፕሮግራም አስነሣሁበት። በማግሥቱ ዕቃው ከነጭራሹ አልታይ አለ። ባለሙያ ዘንድ ከብዙ ቀን በኋላ ሁለቱ ቅጂዎች ተገኙ። ሦስተኛው በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል ይቆማል፤ አራተኛው የለም። ባለሙያው፣ «በመጀመሪያው ድምፅ አጥፍተውት ቢሆን ኖሮ» ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን ሁሉ ለመልቀም አልቻልሁም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ሕመሙ እንደ ታወቀ ኮምፒዩተሩን ያጥፉት። ዲስኩ በዞረ ቍጥር የቀረው ዕድሜ ያልቃል። ሁለተኛው ሕግ፣ በታመመው ዲስክ ላይ ምንም ነገር አይጻፉበት። ዊንዶውስን እንደ ገና መጫን፣ ፎርማት ማድረግ፣ ወይም ቼክዲስክ የሚባለውን የጥገና ፕሮግራም ማስነሣት አይገባም። ይህ ፕሮግራም የተሠራው የፋይሎችን ሥርዓት ለማስተካከል እንጂ ጽሕፈትዎን ለማዳን አይደለምና፣ ሥርዓቱን ሲያቃና ጽሕፈቱን ሊሠዋ ይችላል። ሦስተኛው ሕግ፣ ሣጥኑን አይክፈቱ። አንዲት የትቢያ ቅንጣት ከማንበቢያው ክፍተት እጅግ ትበልጣለች። ዲስኩን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ይፈውሰዋል የሚለውንም ወሬ አይመኑ፤ ሲወጣ የሚያወዛው እርጥበት ሌላ ጕዳት ያመጣል።

ከዚህ በኋላ ሕመሙ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባል። አንዳንድ ጊዜ የሞተው ኮምፒዩተሩ እንጂ ዲስኩ አይደለም። ዲስኩ ወጥቶ በዩ.ኤስ.ቢ. ማገናኛ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢያያዝ ያለ ችግር ይነበባል። ነገር ግን ዲስኩ ምስጢራዊ ቍልፍ የተደረገበት እንደ ሆነ፣ ቢትሎከር ለሚባለው 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር ያስፈልጋል። ይህን ቍጥር ዛሬውኑ ፈልገው በወረቀት ጽፈው ያኑሩ።

ዲስኩ ደክሞ ግን ገና የሚታይ ከሆነ፣ በስፋት ከእርሱ የማያንስ ጤነኛ ዲስክ ይግዙና ሙሉውን ወደዚያ ይገልብጡ። ለዚህ ሥራ ያለ ዋጋ የሚገኝ ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም አለ፤ በፍላሽ ላይ ከተጫነ ሊኑክስ ሊነሣ ይችላል። ብልኀቱም ይህ ነው፤ አስቀድሞ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፣ ያስቸገረውን እየዘለለ ያልፋል፣ በመጨረሻም ወደ ተዘለለው ተመልሶ ይሞክራል። የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ምንጩንና መድረሻውን ያዛወረ ሰው ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለብጣልና ሁለት ጊዜ ሳያረጋግጡ አይጀምሩ። ቅጂው ካለቀ በኋላ የታመመውን አስቀምጠው በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። ፋይሎቹ ካልታዩ ፎቶሬክ የተባለው ፕሮግራም ፈልጎ ያወጣቸዋል፤ ስማቸውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ የማይዞር ወይም የማይታይ ከሆነ ግን ለቤት ሙከራ አይሆንም። ትቢያ በሌለበት ክፍል ለሚሠራ ባለሙያ መስጠት ይገባል። ዋጋው ውድ ነው፤ ውጤቱም አስቀድሞ አይታወቅም። ቢሆንም ተስፋ መቍረጥ አይገባም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ሰባት ተጓዦችዋን እንደ ያዘች በሰማይ ላይ ስትበታተን፣ ከስብርባሪዋ መካከል የተቃጠለ ሃርድ ዲስክ ተገኝቶ ነበር። ባለሙያዎች በውስጡ የነበረውን የሳይንስ ምርመራ ውጤት ከሞላ ጎደል አድነውት ጥናቱ በ2008 ዓ.ም. ታተመ።

ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የሚሽከረከር ሰሌዳ በሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. በሚባል ማከማቻ እንደሚሠሩ ይታወቃል። ይህ ቢወድቅ በቀላሉ አይጎዳም፤ ነገር ግን ድምፅ ሳያሰማ ድንገት ሊሞት ይችላልና ባለቤቱ ከጭንቀት ነጻ አይደለም።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ሳይታመሙ መጠንቀቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል አባቶቻችን። ዋና ለሆነ ጽሕፈት ሁሉ ሦስት ቅጂ ይኑርዎ፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዐይነት ማከማቻ ይሁኑ፤ አንደኛው ደግሞ ከቤትዎ ወይም ከመሥሪያ ቤትዎ ውጭ ይቀመጥ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ ከሥራ ከመውጣትዎ በፊት፣ ለዚህ ሩብ ሰዓት ይመድቡ። ቅጂውንም አልፎ አልፎ ከፍተው መነበቡን ያረጋግጡ፤ ያልተፈተነ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርምና።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ይህን ጋዜጣ አጥፈው ከማስቀመጥዎ በፊት፣ ቢጠፋ የማይተካው ጽሕፈት ወይም ድምፅ የትኛው እንደ ሆነ ለአንድ አፍታ ያስቡ። እርሱ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ሁለተኛ ቦታ ያብጁለት።