ሥልጠናው ተሰጠ፤ ሥራውስ ተለወጠ? ለአዋቂ ሠራተኞች የሚጠቅም ሥልጠና እንዴት ይዘጋጃል?



በልደታ ኮንዶሚኒየም የሕንፃዎቹ ምድር ቤት የንግድ ቦታ ነው። ሱቁም ካፌውም እዚያው ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በሰንጋ ተራ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረው ቆመዋል። ምድር ቤት ያለው ሙስሊም ነጋዴ ሥራውን ለማስፋት ገንዘብ ሲያስፈልገው ከሪባ የጸዳ መንገድ ይፈልጋል፤ ባንኩም «ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለን» ይለዋል። በሁለቱ መካከል የሚቀመጠው የቅርንጫፉ ሠራተኛ ነው። ውሉ ሐላል ሆኖ መፈጸሙ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ሠራተኛ እጅ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ሠራተኛው እንዴት መሠልጠን እንዳለበት እናያለን። ነገሩ ባንክ ለማይሠሩ፣ ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ላላቸው አንባቢዎቻችንም ይጠቅማል።

አገልግሎቱ በአገራችን የቅርብ ጊዜ ነው። ብሔራዊ ባንክ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ እንዲሰጡ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2013 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኦሮሚያ ኢንተርናሽናል ባንክ አገልግሎቱን ጀመሩ። በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማቋቋም መንገድ ተከፈተ፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘም ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ በሩን ከፈተ። ስለዚህ በመደበኛው የብድር ሥራ ዓመታት ያሳለፈ ሰው አዲሱን አሠራር ለመማር የሚቀመጠው በአዋቂነት ዕድሜው፣ የለመደውን ይዞ ነው።

ስህተቱ የት ላይ ይፈጠራል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ነጋዴ ዋጋው 300,000 ብር የሆነ የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ፈለገ እንበል። በሙራባሐ መንገድ ባንኩ ማሽኑን ከአቅራቢው ገዝቶ የራሱ ያደርጋል። ከዚያ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ለደንበኛው በግልጽ ነግሮ፣ ለምሳሌ በ345,000 ብር ይሸጥለታል። ደንበኛው በ12 ወር፣ በየወሩ 28,750 ብር ይከፍላል። ክፍያው ቢዘገይ የሽያጩ ዋጋ አይጨምርም።

አሁን ሠራተኛው ቅደም ተከተሉን ገለበጠው እንበል። ባንኩ ማሽኑን ሳይገዛ የሽያጩን ውል አስፈረመ፤ ወይም 300,000 ብሩን ለደንበኛው በጥሬው ሰጥቶ 345,000 መልስ አለው። ቁጥሩም የወር ክፍያውም አልተለወጠም። የተፈጸመው ግን ሽያጭ ሳይሆን ከሪባ ያልተለየ ብድር ነው። ደንበኛው ከሸሸው ነገር ውስጥ ሳያውቀው ገብቷል። የሥልጠና ድክመት ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ሥልጠና ከመጥራት በፊት

ብዙ መሥሪያ ቤት ስህተት ሲያይ ቶሎ ብሎ ሥልጠና ይጠራል። መቅደም ያለበት ግን ሥራው ወዳለበት ሄዶ ማየት ነው። ሠራተኛው የሚሳሳተው ስለማያውቅ ነው? እያወቀ ጊዜ ስለሚያጥረው ነው? ወይስ የሚሞላው ቅጽ ራሱ የሽያጩን ፊርማ ከግዢው በፊት ስለሚጠይቅ ነው? ቅጹ ተሳስቶ ከሆነ ሠራተኛውን ለሳምንት ማሠልጠን አይፈታውም፤ የሚስተካከለው ቅጹ ነው። ሥልጠና የሚፈታው ዕውቀትና ልምምድ ሲጎድል ብቻ ነው።

ጉድለቱ የዕውቀት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ የሥልጠናው ዓላማ በሚታይ ሥራ ይጻፍ። «ስለ ሙራባሐ ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚል ዓላማ መድረሱን ማንም ሊለካ አይችልም። «ሠልጣኙ የአንድ ሙራባሐ ፋይል ሰነዶችን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ያዘጋጃል» የሚለው ግን ይለካል።

አዋቂ ባዶ ዕቃ አይደለም

አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ምሁር ማልኮልም ኖውልስ (1913–1997 እ.ኤ.አ.) አዋቂ ሰው ከሕፃን የሚለይበትን በሚገባ አብራርቷል። አዋቂ ለምን እንደሚማር ማወቅ ይፈልጋል፤ ልምዱን ይዞ ይመጣል፤ የተማረውን ነገ ሳይሆን ዛሬ ሊሠራበት ይሻል።

ልምዱ ሀብትም እንቅፋትም ነው። አሥር ዓመት ብድር የሠራ ሰው ደንበኛን ማነጋገርና ሰነድ መመርመር ያውቃል፤ ያንን ድጋሚ ማስተማር ጊዜውን ማባከን ነው። ግን ማሽን ሲጠየቅ እጁ ቶሎ ወደ ብድሩ ቅጽ ይሄዳል። ጥሩ አሠልጣኝ ይህን ልማድ ፊት ለፊት ያወጣዋል። የብድርንና የሙራባሐን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጦ «የሚለያዩት የት ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሠልጣኙ ልዩነቱን ራሱ ሲያገኘው ከተነገረው ይልቅ ይይዘዋል።

እያደረጉ መማር

በሐዲስ የታወቀ ታሪክ አለ። አንድ ሰው መስጂድ ገብቶ ሰገደ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሶላቱ እንዳልተሟላ ነግረው እንዲደግም መለሱት። ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ። በመጨረሻ ሰውየው ከዚህ የተሻለ እንደማያውቅ ተናግሮ እንዲያስተምሩት ሲለምን ደረጃ በደረጃ አስተማሩት። ሰውየው መጀመሪያ ሞከረ፣ ጉድለት እንዳለ ተረዳ፣ ለመማር ራሱ ጠየቀ፤ ትምህርቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የኮንዶሚኒየም ግንባታውም ለዚህ ምሳሌ አለው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የቤቶች ልማት ፕሮግራም ከቤት ሌላ ዓላማ ነበረው፤ ከግቦቹ አንዱ 10 ሺህ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶችን ማፍራት ነበር። እንዲህ ያሉ ማኅበራት ብሎኬት ያመርቱ፣ የበርና የመስኮት ብረት ይሠሩ ነበር። ብሎኬት ማምረት ቆሞ በማዳመጥ አይለመድም፤ ሲሚንቶና አሸዋው በእጅ መቀላቀል አለበት፤ የተበላሸውም ወዲያው ይታያል።

የባንኩ ሥልጠናም እንዲሁ ይሁን። ግማሹ ጊዜ ለተግባር ይተው፤ አንዱ ደንበኛ፣ አንዱ አቅራቢ፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ ሆነው ፋይሉን ከጥያቄ እስከ ርክክብ ያድርሱት። «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ በሚገባው አማርኛ መልስ መስጠትም ይለማመዱ።

ትንሽ ትንሽ፣ በመደጋገም

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፣ የተማርነው ነገር ካልተደገመ ብዙው በፍጥነት እንደሚጠፋ አሳይቷል። የእኛም ቀደምቶች ይህን ይጠነቀቁ ነበር። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎችን ሐሙስ ሐሙስ ያስተምሩ ነበር፤ በየቀኑ እንዲሆን ሲጠየቁ እንዳይሰለቹ በመፍራት እንደማያደርጉት ተናግረዋል፤ ይህንንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳዩ ገልጸዋል።

ስለዚህ ሁለት ሙሉ ቀን አዳራሽ ውስጥ ከማስቀመጥ፣ ያንኑ ሰዓት በአራት ሳምንት ለአራት ግማሽ ቀን ማከፋፈል ይሻላል። በመሃል ሠልጣኙ ሥራው ላይ ይሞክረዋል፤ የገጠመውን ጥያቄ ይዞ ይመለሳል።

ክብርና ጊዜ

አዋቂ በሰው ፊት ማፈርን ይፈራል። በተለይ ታናሹ ሲያሠለጥነው፣ ወይም አለቃው አጠገቡ ተቀምጦ ሲያየው፣ ያልገባውን «ገብቶኛል» ይላል። ስለዚህ ሠልጣኞች በሁለት በሁለት ሆነው ይሥሩ፤ የተሳሳተውን በስም ጠርቶ ማረም ይቅር። ሰዓቱም ይታሰብበት፤ የጁሙዓን ሰዓት የሚነካ፣ በረመዳን ከሰዓት በኋላ የሚጎተት፣ ወይም ልጅ ከትምህርት ቤት የምትቀበል እናትን የሚያስቀር ፕሮግራም ሲጀመር ጀምሮ የተወሰኑትን ያገለለ ነው።

መለካት

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠናን በአራት ደረጃ መመዘንን አስተዋወቀ። ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ሥራው ላይ ተገበረው ወይ? ለመሥሪያ ቤቱ ውጤት አመጣ ወይ? አብዛኛው ሥልጠና የአስተያየት ቅጽ አስሞልቶ የምስክር ወረቀት በማደል፣ ማለትም በመጀመሪያው ደረጃ ያበቃል። እኛ ትልቁን ቦታ የምንሰጠው ለሦስተኛው ነው። ከወር በኋላ ከቅርንጫፉ አሥር የሙራባሐ ፋይል አውጥቶ የግዢው ቀን ከሽያጩ ውል ቀን መቅደሙን ማየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ያልቀደመ ካለ ቀጣዩ ሥልጠና ከዚያ ይነሳል።

ትንሽ ሱቅ ያላችሁም ይህንኑ በአንድ ሰዓት ማድረግ ትችላላችሁ። ሠራተኛችሁ ደጋግሞ የሚሳሳትበትን አንድ ሥራ ምረጡ። እርሱ ሲሠራ እዩ፤ ከዚያ አሳዩት፤ እንደገና ያድርገው። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ።

የሠራተኛ ዕውቀት አማና ነው። ባንክ ውስጥ ሲሆን ደግሞ አማናው የደንበኛውን ዲን ይነካል። ደንበኞችም ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት «ዕቃው አሁን የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በደንብ የሠለጠነ ሠራተኛ መልሱን ሰነዱን ከፍቶ ያሳያችኋል።

ወላሁ አዕለም።