ሰነፍ የሚባለው ልጅ

የትምህርቱ ዘመን ሲጋመስ መምህራን የተማሪዎቻቸውን ውጤት በመዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። በመጨረሻው ረድፍ የሚቀሩትን ጥቂት ስሞች ሲያዩም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃቸዋል፤ ይኸውም «ሰነፍ» የሚለው ነው። ቃሉ ከመምህሩ አፍ ወጥቶ ወደ አባት ይደርሳል፤ ከአባት ወደ ጎረቤት ያልፋል፤ ከጎረቤትም ተመልሶ ወደ ልጁ ጆሮ ይገባል። ልጁም ሲደጋገምበት ጊዜ ያምነዋል። በጤና ሥራ ላይ ያለን እኛ ግን ይህ ስም ከመሰጠቱ አስቀድሞ ልጁ አንድ ጊዜ በደንብ ይታይ እንላለን። ሰነፍ ከተባሉት ልጆች መካከል ዐይኑ አጥርቶ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ የራበው፣ ደሙ ያነሰ ወይም በፍርሃት የተያዘ ብዙ አለና።

ለዚህ ነገር ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ መራዊ ትገኛለች። በመራዊ ዙሪያ ባለው በሜጫ ገጠር የሚኖር አንድ የ9 ዓመት ልጅ እናስብ። ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ ከብቶቹን ከበረት ያወጣል፤ እኅቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እሱ ጥጆቹን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ይዞ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ማታ ከበላው ቂጣ ወዲህ አፉ እህል አልነካም ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ራሱን ዴስኩ ላይ ያሳርፋል። መምህሩ የሚያየው የተኛውን ልጅ ብቻ ነው፤ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት የሠራውን ሥራ ግን አያይም።

ከዐይን እንጀምር። ስለ ዐይን ትንሽ ረዘም አድርገን የምንናገረው ነገሩ በክልላችን ከሌላው ስፍራ ይልቅ የከፋ ስለ ሆነ ነው። በ1998 ዓ.ም በመላ ኢትዮጵያ ስለ ዓይነ ስውርነትና ስለ ትራኮማ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በአገር ደረጃ ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር፤ በአማራ ክልል ግን ቁጥሩ ከ100 ከ60 በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለሕዝቡ በሚታደለው አዚትሮማይሲን በሚባለው መድኃኒትና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትምህርት ብዙ ተሠርቷል፤ ይሁን እንጂ በሽታው ገና ከአካባቢያችን ጨርሶ አልጠፋም።

ትራኮማ በዐይን ማይ በሚኖር እጅግ ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው። ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በእጅ፣ ፊት በሚጠረግበት የነጠላ ጫፍና በዝንብ ነው። ዝንብ የዐይን ማርና ንፍጥ ባለበት ፊት ላይ ማረፍ ይወዳል፤ ዘሩን የሚያራባው ደግሞ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። ሕመሙ በልጅነት ሲደጋገም የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባበሳል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። እናቶቻችን በወረንጦ ሽፋሽፍት ሲነቅሉ ያየ ሰው የዚህን በሽታ መጨረሻ አይቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያው ግን በሕፃኑ ያልታጠበ ፊት ላይ ነበረ።

አባቶቻችን «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይላሉ። ስለ ፍቅር የተነገረ መልካም አባባል ነው፤ ስለ ንጽሕና ግን አልተነገረም፤ ንፍጡ ቢጠረግ ፍቅሩ አይቀንስም። ብዙ ወላጆች ውሃ ሩቅ ስለ ሆነ ፊት ለማስታጠብ አይበቃም ይሉናል። የሕፃንን ፊት ለማጠብ ግን አንዲት ኩባያ ውሃ ትበቃለች። በትምህርት ቤትም አንድ ትንሽ ጄሪካን ከታች ቀዳድቶ በውታፍ ዘግቶ ከግንድ ላይ ቢሰቅሉ፣ ልጆቹ ወደ ክፍል ሲገቡ ተራ በተራ እየታጠቡ ሊያልፉ ይችላሉ። ታዲያ አንድ ፎጣ ለሁሉ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው፤ እንዲያ ከሆነ በሽታውን በገዛ እጃችን አደልነው ማለት ነው።

ትራኮማ የሌለበትም ልጅ ቢሆን ሩቁን ማየት ላይችል ይችላል። ይህ እንዴት ሳይታወቅ ይኖራል? ቢባል፣ በድሮው ትምህርት ሥርዓት ነገሩ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ጎጃም የትምህርት አገር ነው፤ ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ትምህርት ቤት ያለበት አገር ነው። በየኔታ ፊት ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ግን መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ነበር የሚያነበው። ሩቅ የማያይ ዐይን ቅርቡን አጥርቶ ሊያይ ስለሚችል ልጁ ከጓደኞቹ አያንስም። ጥቁር ሰሌዳ ከመጣ በኋላ ግን ፊደሉ ከልጁ ራቀ። የፊደላችንም ጠባይ ለዚህ ዓይነቱ ልጅ አይራራም፤ «በ» እና «ቡ»፣ «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥልና ቀለበት ብቻ ነው። በኋላ ረድፍ የተቀመጠ ዐይነ ደካማ ልጅ እነዚህን ሁሉ አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሲጠየቅም ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም ይሳቅበታል፤ ከዚያ ወዲያ እጁን አያወጣም።

መምህሩ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን የለበትም። በሰሌዳው ላይ መጠናቸው እኩል የሆነ ልዩ ልዩ ፊደላት ይጻፍ፤ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ 6 ሜትር ያህል አርቆ ያቁማቸው፤ አንዱን ዐይን በመዳፋቸው ሳይጫኑ ሸፍነው በሌላው ያንብቡ፤ ቀጥሎም ዐይናቸውን ይለውጡ። ጓደኞቹ ያለ ችግር የሚያነቡትን እሱ ብቻ የሚያንቀዋልል፣ ወይም ፊቱን እያጨማደደ አንገቱን የሚያሰግግ ልጅ ከተገኘ ወደ ፊተኛው ረድፍ ይቀመጥና ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ይነገራቸው። መነጽር ያደረገን ልጅ «አራት ዐይና» እያሉ የሚያላግጡትን መገሠጽም የመምህሩ ፈንታ ነው። ሲመሽ የሚደናበር ልጅ ካለ ደግሞ ዳፍንት ሊሆን ይችላልና በቶሎ ይታይ። ዳፍንት ቪታሚን ኤ ከማነስ ይመጣል፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ዕንቍላልና ወተት ይከላከሉታል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉት ሕፃናት የቪታሚን ኤ ጠብታ በየ6 ወሩ እንዲወስዱ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ስለ ጆሮ ብዙ አንልም። መግል የሚያፈስ ጆሮ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ቅቤም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አይጨመርበት። ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ ንቆ ነው ከማለት በፊት ከኋላው ቆሞ በዝግታ ስሙን መጥራት ይበቃል።

ወደ ሆድ እንምጣ። የምዕራብ ጎጃም ምድር ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ የሚያበቅል ለም ምድር ነው፤ ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብም 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ልጅ ባዶ ሆዱን ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ ሁልጊዜ ከእህል እጥረት የመጣ አይደለም፤ ቁርስ የልጅ ወግ ሆኖ ስለማይቈጠር ጭምር ነው። ዳጉሳው ለጠላና ለአረቄ አስቀድሞ እንደሚታሰብለት ለልጁ ቂጣም ቢታሰብለት ምን ነበረበት? አንድ እፍኝ የሽንብራና የገብስ ቆሎ በኪሱ ቢይዝ እንኳ ለጥዋቱ ትልቅ ነገር ነው። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ደም ማነስም እንዲሁ ስንፍና መስሎ ይታያል። የመንጠቆ ትል በባዶ እግር በኩል ገብቶ በአንጀት ውስጥ ደም ይመጣል፤ ወስፋት ምግቡን ይሻማል፤ ወባም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደሙን ያወርደዋል። የቆጋ ቦዮች ለገበሬው በረከት እንደ ሆኑ ሁሉ፣ ውሃ በተኛበት ሁሉ ለወባ ትንኝና ብልሃርዝያን ለሚሸከመው ቀንድ አውጣ ማደሪያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ልጆች እዚያ እንዳይዋኙ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን በትምህርት ቤቶች የትል መድኃኒት በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል፤ ወላጆች በዚያ ቀን ልጃቸውን ከብት እንዲጠብቅ ባያስቀሩት መልካም ነው። የልጁ ከንፈርና የዐይኑ ቆብ ውስጥ ነጣ ብሎ ከታየ፣ ትንሽ ሮጦ ብዙ ከደከመው፣ አፈር መብላት ከወደደ ምርመራ ያስፈልገዋል።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደን ነገር ደርሰናል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ውጊያ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በመራዊ ከተማም በጥር ወር 2016 ዓ.ም ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾቹ ቁጥር ቢያንስ 45 መሆኑን አስታውቋል። ይህን ያየ፣ የሰማ ወይም ዘመዱን ያጣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመለስ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይመለስም። ትልቅ ልጅ ሳለ አልጋው ላይ መሽናት ይጀምራል፤ በሌሊት እየጮኸ ይነቃል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፤ ወይም በተቃራኒው ተደባዳቢ ይሆናል። አንዳንዱም ሆዴን፣ ራሴን ይላል፤ ሲመረመር ግን ምንም አይገኝበትም። ሌላው ዝም ይላል፤ መጽሐፉ ፊቱ ተዘርግቶ ዐይኑ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ሁሉ ዱርዬነት ወይም ስንፍና አይደሉም፤ ፍርሃት በሕፃን ሰውነት ላይ የሚታይባቸው መንገዶች ናቸው።

ምን ይደረግ? ቢባል፣ ከሁሉ በፊት ልጁ ዛሬና ነገ ምን እንደሚሆን እንዲያውቅ ይደረግ። በአንድ ሰዓት መብላት፣ በአንድ ሰዓት መተኛት፣ የሚመጣውን እንግዳና የሚሄደውን አባት አስቀድሞ መንገር፣ ይህ ሁሉ ለትልቅ ሰው ምንም የማይመስል ነገር ለፈራ ልጅ እንደ ቤት ምሰሶ ነው። ልጁ የደረሰበትን ሊናገር ከፈለገ ይደመጥ፤ ካልፈለገ ግን ማንም አያስገድደው፤ በተለይም በክፍል ፊት ቆመህ ተናገር አይባል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን የልጅን ቃል መናቅ ለምደናል፤ በዚህ ጊዜ ግን ያ ቃል እጅግ ያስፈልገናል። ትልልቆቹም በእሳት ዳር ስለ ደረሰው ነገር ሲያወጉ ሕፃናቱ ተኝተዋል ብለው አይታለሉ፤ ተሸፋፍኖ የሚሰማ ልጅ ብዙ ነው። የሞተውን ሰው «ሩቅ አገር ሄዷል» ማለትም አይበጅም፤ ልጁ እውነቱን ከጎረቤት ልጅ ይሰማና ከዚያ በኋላ የቤቱን ሰው አያምንም።

ጨዋታ ለዚህ ዓይነቱ ልጅ መድኃኒት ነው። አኩኩሉ፣ ገበጣ፣ ሱዚ፣ ማታ ደግሞ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስ፤ ድምፁ የጠፋ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በእነዚህ በኩል ነው። መምህሩ ትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ የዕረፍቱን ሰዓት ባይነጥቅ ይሻላል። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቈዩ፣ ልጁ መብላት ከተወ ወይም ራሴን ላጥፋ ማለት ከጀመረ ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ስለ ዱላም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ብዙዎቻችን በአለንጋ ተምረን ሰው ሆነናል የሚል መልስ እንሰማለን። በአለንጋ ምክንያት ፊደሉን ጥለው የሸሹት ግን ዛሬ ይህን መጽሔት ስለማያነቡ መልሳቸውን አልሰማንም። በ1987 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጹ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ ዱላ ለማያይ ዐይን ብርሃን አይሰጥም፤ የተኩስ ድምፅ ያስደነገጠውን ልጅ ደግሞ እንደ ገና ያስደነግጠዋል።

ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ የሚላክ ከሆነ መምህሩ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ያየውን ይጻፍለት፤ «ታሟል» ብቻ ብሎ ግን አይጻፍ። በስንተኛው ረድፍ እንደሚቀመጥ፣ የትኞቹን ፊደላት እንደሚያሳስት፣ እንቅልፉ የሚመጣው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ በወር ውስጥ ስንት ቀን እንደ ቀረና ከመቼ ጀምሮ እንደ ተለወጠ ይጥቀስ። እናቲቱም ማታ ምን እንደ በላና እንዴት እንዳደረ በቃል ትናገር። ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያዩት ኖረዋል።