ልጅና ሞተር ሳይክል

ልጅን በሜዳ ላይ ሞተር ሳይክል ማስተማር የሚጀመረው ሞተር በማስነሣት አይደለም፤ ማቆምን በማስለመድ ነው። ለምን ቢሉ፣ ልጅ ሲደነግጥ መሪውን ጭምቅ አድርጎ ይዞ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ያን ጊዜ እጁ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ይጠመዝዛል፤ ሞተሩም ይባስ ብሎ ይፈተለካል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ወላጅ ከኋላ ይግፋ፤ «ቁም!» ሲል ልጁ ፍሬን ይያዝ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ይደጋገም።

ለሕፃናት የተሠራው ያማሃ ፒ ደብልዩ 50 የሚቀየር ማርሽ የለውም። ሁለቱም ፍሬኖቹ እንደ ብስክሌት በእጅ ናቸው። የነዳጅ እጀታው ብዙ እንዳይዞር የሚገድብ ብሎንም አለው፤ ወላጅ እሱን አጥብቆ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልጁ ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይርገጡ። «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት ለጫማ እንጂ ለዚህ አይሆንም። የራስ ቁሩም እንደዚሁ ነው፤ ከሰፋው ሲወድቅ ሊወልቅ ይችላል።