መድኃኒቱ ከክሩ ጋር የተፈተለ አጎበር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ብርድ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ካፖርቱን ማውለቅ ግድ ይሆንበታል። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው በዚህ ቆላ ነው። የሮቢ ወንዝ ለመስኖ ይውላል፤ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ ይበቅላል። ዳሩ ግን ለሰብሉ የተስማማው ውሃና ሙቀት ለወባ ትንኝም ተስማምቷል። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ የነበረው አባቶቻችን ንዳድ ያሉት ይኸው በሽታ ስላለ ነው።

ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። በ1958 (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታምሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። በ2024ም በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለዚህ በቆላ ቤት ከመኝታ በላይ ተሰቅሎ የሚታየው አጎበር ተራ ጨርቅ ቢመስልም፣ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለተማሪውም ለመንግሥት ሠራተኛውም ይጠቅማል።

የአጎበሩ ክር ፖሊመር ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ነው። ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ሞለኪውሎች በብዛት እንደ ሰንሰለት እየተቀጣጠሉ የሚሠሩት ረጅም ሞለኪውል ነው። ጥጥና ሱፍም የተፈጥሮ ፖሊመሮች ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ስታውዲንገር ይህን አሳብ በ1920 ሲያቀርብ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1953 ግን የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሰንሰለቱ ከታወቀ በኋላ ሊቃውንቱ «ይህ ነገር ምን ጠባይ አለው?» ብቻ ሳይሆን «የምንፈልገውን ጠባይ ገና ሲሠራ እንዴት እናግባበት?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

አጎበሩ የዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ ነው። ቀድሞ አጎበር በመድኃኒት ውሃ ይነከር ነበር፤ በስድስት ወር ወይም በዓመት እንደገና ካልተነከረ ኃይሉ ያልቃል። ታዲያ በጊዜው ማን ይነክረዋል? ገበሬው በአጨዳ ላይ ነው፤ ጤና ጣቢያውም ሩቅ ሊሆን ይችላል። ሊቃውንቱ ድካሙን በሰው ላይ ከመጫን ይልቅ ክሩን ራሱን ለወጡት።

አንደኛው መንገድ ሱሚቶሞ ኬሚካል የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ነው። የውሃ ጀሪካን ከሚሠራበት ከፖሊኤቲሊን ጋር ፐርሜትሪን የተባለው የትንኝ መድኃኒት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ተቀላቅሎ አብሮ ይፈተላል። የፖሊኤቲሊን ሰንሰለቶች ከፊላቸው ጥብቅ ብለው የተደረደሩ፣ ከፊላቸው ልል ሆነው የተጠላለፉ ናቸው። መድኃኒቱ በልሉ በኩል ቀስ እያለ ወደ ክሩ ገጽ ይወጣል፤ ጥብቁ ክፍል ደግሞ ቶሎ እንዳያልቅ ያዘገየዋል። በገጹ ላይ ያለው በእጥበት ሲሄድ ከውስጥ ሌላ ይተካዋል።

ሁለተኛው መንገድ የፖሊየስተር አጎበር ነው። የፖሊየስተር ሰንሰለት ሙቀቱ 70 ዲግሪ ያህል እስኪደርስ ድረስ ግትር ስለሆነ መድኃኒቱ በውስጡ እንደ ልብ ሊንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱ በክሩ ላይ በሚለጠፍ ስስ ሽፋን ይያዛል። እንዲህ ያሉት አጎበሮች ሃያ ጊዜ ቢታጠቡና ሦስት ዓመት ቢያገለግሉ ኃይላቸው እንዲቆይ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አገራችንም ከ2005 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድላለች።

ይሁን እንጂ «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ነውና፣ አጎበሩን በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ማጠብ፣ ከፀሐይም ርቆ በጥላ ማድረቅ ይገባል፤ የፀሐይ ጨረር መድኃኒቱን ያጠፋዋልና። ትንኟም በበኩሏ በብዙ ስፍራ መድኃኒቱን ለምዳዋለች። በዚህም ምክንያት በአንዳንዶቹ አዳዲስ ክሮች ውስጥ ፒፔሮኒል ቡቶክሳይድ የተባለ ሁለተኛ ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም ትንኟ መድኃኒቱን በሰውነቷ ውስጥ የምታፈርስበትን ኃይል ያደክማል።

እንግዲህ ክሩ የተሻለው የሰውን ኑሮ ያወቀ ሰው ስለ ነደፈው ነው። በሩቅ ላቦራቶሪ ያለ ኬሚስት ግን የቆላው ገበሬ ሰብሉን ሲጠብቅ ሜዳ ላይ እንደሚያድር፣ ከደጋ ለቀን ሥራ የወረደው ወጣትም አጎበር የሚሰቅልበት ማገር እንደሌለው ከማን ይሰማል? ይህን ጠይቆና መዝግቦ ሊያቀርብ የሚችለው በወረዳው የተመደበው ወጣት ሠራተኛ ነው። አጎበር አስፈርሞ ማደል የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ስንቱ እንደ ተሰቀለ፣ ስንቱ እንደ ተቀደደ፣ ስንቱስ ለምን ሳይሰቀል እንደ ቀረ ማየት ነው።

በታንዛንያ፣ በአሩሻ ከተማ የሚገኝ ፋብሪካ ይህን መድኃኒት ያለበት አጎበር በ2003 ማምረት ጀምሯል። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅን፣ በአዲስ አበባ ኬሚስትሪን የሚያጠኑት ወጣቶቻችንም የሸዋ ሮቢቱን መዝገብ ከፊታቸው አኑረው፣ ውጭ ለሚያድረው ሰብል ጠባቂ ምን ዓይነት ክር እንደሚበጅ ቢመረምሩ ለወገናቸው ትልቅ አገልግሎት ይሆናል እንላለን።