በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያለው መሬት፤ ይዞታውና ልማቱ

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ፥ በግንቡ ዙሪያ ያለው መሬት ዋጋውን ያገኘው ከአፈሩ ልምላሜ ሳይሆን ለቤተ መንግሥቱና ለአድባራቱ ካለው ቅርበት ነው፤ ዛሬም ሆቴል ሠሪውን ባለሀብት የሚስበው ያው ቅርበት ስለ ሆነ፥ የይዞታውን ታሪክ ሳይመረምሩ ስለ ልማቱ መናገር ሥሩን ትቶ ቅርንጫፉን መቁጠር ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ርስት የትውልድ፥ ጉልት የንጉሥ ስጦታ ነበረ፤ እቴጌ ምንትዋብም ላሠሩት ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ሰፊ ጉልት ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ቤትና ቦታ በገሃድ ይሸጥ እንደ ነበር በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የሠፈሩት ውሎች ይመሰክራሉ፤ ውሉ የሻጩንና የገዢውን ስም፥ በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ጨው የተቆረጠውን ዋጋ፥ የዋሱንና የእማኞቹን ዝርዝር ይዟል፤ ከሻጮቹና ከገዢዎቹም መካከል ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። ሰፈሩን የሚለየው ግን ገበያ ብቻ አልነበረም፤ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1660 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል፤ እጨጌ ቤት የተባለው ሰፈርም የተማፃኞች መጠጊያ ሆኖ ኖሯል።

ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማይቱን የያዘው የኢጣልያ ሠራዊት ፒያሳን፥ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውን አቁሞ አዲስ የንግድ ማዕከል ጨመረ። ከዚያም በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት ስላደረገ፥ የአድባራቱም የባለ ርስቱም የቦታ ባለቤትነት አበቃ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም በማለት አጸናው። ባለሀብቱ ስለዚህ የሚገዛው መሬቱን ሳይሆን የሊዝ መብቱን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታው በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ ሲደነግግ፥ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞች ለንግድ የሚሰጠውን የሊዝ ዘመን እስከ 70 ዓመት ወስኗል።

የሊዝ ባለመብቱ ግን በቦታው ላይ እንዳሻው አያዝዝም፤ ፋሲል ግቢ ከፋሲል መዋኛና ከቁስቋም ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ፥ በአጠገቡ የሚነሣው ፎቅ ግንቡን እንዳይጋርድ መጠበቅ ግዴታ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጡ ጉዳዩ ይከብዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆይቷል፤ ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። በአንጻሩ በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የገበታ ለሀገር መርሐ ግብር በጣና ዳር ያለችውን ጎርጎራን መዝናኛ አድርጓታል።

እንግዳው የሚመጣው ነገሥታት፥ ካህናትና አናጺዎች ያቆሙትን ለማየት እንጂ ሆቴሉን ለማየት አይደለም፤ ስለዚህ ቅርሱ ለመሬቱ ከጨመረለት ዋጋ አንዱ ድርሻ ለግንቡ ጥገና፥ ሌላው ለጎረቤቱ ሊመለስ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለልማት ተነሺው ካሳን፥ አቅም ላለው ባለ ይዞታም በፕላኑ መሠረት ራሱ የማልማት የቅድሚያ መብትን ሰጥቷል፤ ይህ መብት በወረቀት ሳይቀር ተፈጻሚ ሲሆን፥ የጎንደር ልማት ከጎንደሬው ጋር ይስማማል።