የመጻሕፍት በዓልና የወጣቶች ተልእኮ

መጽሐፍ የሚነበበው ለብቻ ቢሆንም፣ ሰው ከመጽሐፍ ጋር የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው አማካይነት ነው፤ አንዱ አንብቦ የተደሰተበትን ለጎረቤቱ ያወሳል፣ ጎረቤቱም ተውሶ ያነብና ለሦስተኛው ያቀብላል። በልዩ ልዩ አገሮች የመጻሕፍት በዓል እየተባለ የሚከበረው ጉባኤም የተመሠረተው ይህንኑ ቅብብል ለማስፋት፣ ደራሲንና አንባቢን፣ አሳታሚንና ሻጭን፣ ሽማግሌንና ሕፃንን በአንድ አደባባይ ለማገናኘት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው በዓል ከአንድ ሰሞን ሆይ ሆይታ አልፎ ሥር የሚሰደው፣ ወጣቶች ከእንግድነት ወጥተው አገልጋዮቹና ባለቤቶቹ የሆኑ እንደ ሆነ ነው።

በብሪታንያ፣ በዌልስ ምድር የምትገኘው ሄይ ኦን ዋይ ነዋሪዎቿ 2,000 እንኳ የማይሞሉ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ቡዝ የተባለ ሰው የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ከከፈተባት በኋላ የመጻሕፍት ከተማ ተብላ ታወቀች፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ፒተር ፍሎረንስ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ የመሠረተው በዓል፣ ዛሬ ከመላው ዓለም ደራስያንና አንባብያንን ወደዚያች ከተማ ይጠራል። እንግዳ በመቀበልና አዳራሽ በማስተናገድም ብዙ በጎ ፈቃደኞች ያገለግሉበታል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ወጣቱን በጉባኤ መካከል አቁሞ የዕውቀት ባለድርሻ ማድረግ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት አይደለም። በቅኔ ቤት ጀማሪው ደቀ መዝሙር ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አድርጎ ማቅረብ ነውር ስለ ሆነም አዲስ ቅኔ እየቈጠረ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ ቀድሞ የገባው ተማሪም በኋላ የመጣውን ያስጠናል። በዚህ ሥርዓት ወጣት የሆነ ሁሉ ተማሪም፣ ባለ ቅኔም፣ አስተማሪም ነው።

በዘመናችንም፣ በፖለቲካው ረገድ ብዙ የሚያከራክር ቢሆንም፣ በ1967 ዓ.ም. በተካሄደው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ፣ ከተልእኳቸው አንዱ ፊደል ማስቈጠር ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ውሎ አድሮ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ በ1972 ዓ.ም. መገባደጃ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልሟል። ያን ጊዜ በዕድሜ ልጅ የሆነው በዕውቀት አባት ሆኖ ታላላቆቹን አስነብቧል።

ከዚያም በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ያገለግሉ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። በመዲናዋ «ንባብ ለሕይወት» የተባለው የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ በኤግዚቢሽን ማዕከል ሲዘጋጅ ቈይቷል፤ በ1936 ዓ.ም. ከተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከወመዘክር በተጨማሪም፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአራት ኪሎ ተከፍቷል። እነዚህ ሁሉ የተመሰገኑ ናቸው፤ የቀረው በዓሉን ከማዕከል ወደ ሰፈር ማውረድ ነው።

ለዚህም በአዲስ አበባ ልደታን የሚያህል ምቹ ስፍራ ማግኘት ያዳግታል። ስሟን ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ያገኘችው ይህች ሰፈር የከተማው ቀላል ባቡር ሁለት መሥመሮች የሚለያዩባት መስቀለኛ ናት፤ በስሟ በሚጠራው ክፍለ ከተማ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው ተግባረ እድና የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛሉ፤ በፍርድ ቤቱ ደጅ ጠበቃና ባለጉዳይ ተራውን ሲጠብቅ ይውላል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ እስከ ትከሻቸው የተደረደረ መጽሐፍ ታቅፈው ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር በየካፌው የሚዞሩ ወጣት መጽሐፍ አዟሪዎች አሉ። ምን እንደሚፈለግ፣ ምን ታትሞ እንዳለቀ፣ የትኛው አንባቢ የትኛውን አሮጌ እትም እንደሚያፈላልግ የሚያውቁት እነርሱ ስለ ሆኑ፣ በዓሉን የሚያዘጋጅ ጉባኤ መጀመሪያ ሊያማክራቸው የሚገባው እነርሱን ነው።

የወጣቶች አገልግሎትም ብዙ ዘርፍ አለው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ተርኮ ያላነበቡትን ሁሉ የመጽሐፉ ወዳጅ እንዳደረገ፣ ድምፀ መልካሙ ወጣት ከተመረጡ መጻሕፍት እየቀነጨበ ለተሰበሰበው ያነባል፤ ገጣሚው የራሱን ድርሰት ያሰማል፤ ሌላው ለሕፃናት ተረት ይነግራል፤ ሥዕል የሚያውቀው ማስታወቂያውን ያዘጋጃል፤ ሒሳብ የሚያውቀው ገቢና ወጪውን ይመዘግባል። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ንሮ መጽሐፍ መግዛት ለብዙዎች በከበደበት በዚህ ጊዜም፣ ያነበቡትን አምጥተው ያላነበቡትን የሚወስዱበት የመለዋወጫ ጠረጴዛ ማቋቋም ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

ጊዜው ራሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዩኔስኮ የደነገገው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ቀን ሚያዝያ 15 ይውላል፤ ጎረቤት ንፍሮና ዳቦውን ይዞ ከደጅ ወጥቶ በአንድነት የሚያከብረው የልደታ በዓል ደግሞ ግንቦት 1 ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ያለው ሰሞን፣ ከልዩ ልዩ ሰፈር መጥተው በኮንዶሚኒየም የተጎራበቱ ቤተሰቦች በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ግቢ በመጻሕፍት ዙሪያ ቢተዋወቁበት እጅግ ያማረ ይሆናል።

ታላላቆች ሆይ፣ ወጣቶችን ወንበር ተሸካሚ ብቻ አድርጋችሁ አትጥሯቸው፤ መጽሐፉን የመምረጥ፣ ደራሲውን የመጋበዝና ገንዘቡን የመቈጣጠር ሥልጣን ስጧቸው፣ ቢሳሳቱም እያረማችሁ አበረታቷቸው። ወጣቶችም ትልቅ አዳራሽና ትልቅ ባለ ገንዘብ እስኪገኝ አትዘግዩ፤ አንድ ግቢ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፣ የሚቀጥለው ዓመት ግን እንዳይታጎል አደራው የእናንተ ነው።